ያልተገበረው ወፍጮ ቤት

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት

ሞተሩ ተነሥቷል። ቀበቶው ይንሸራተታል፤ ማጥበቅ አለብኝ። የገበያ ቀን ነው። የኩታበር ሰዎች ለተማሪ ልጆቻቸው የሚፈጨውን እህል እኔ ዘንድ ጥለው ወደ ሰኞ ገበያ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ዱቄቱን ይፈልጋሉ። የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ መንገድ በጆንያ ተሞልቷል። በወረፋ የሚጣላ አለ፣ የሚያላግጥ አለ።

በዚህ መሐል የገቢዎች ጽ/ቤት ልጆች ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ ጨዋዎች። የሚያናድደኝም ጨዋነታቸው ነው፤ ቢቆጡኝ እኔም እቆጣ ነበር። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የቦታ ኪራይ፣ ከነቅጣቱ ከነወለዱ። አባባ ከሞተ ወዲህ ማንም አልከፈለም። እስከ ረቡዕ ካልቀረብኩ ያሽጋሉ፤ ከዚያ ሐራጅ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ያዩኛል።

ሰኞ። ከሰዓት

ሥራ አልያዝ አለኝ። የአንዷን በቆሎ ከሌላዋ ስንዴ ላይ ልደፋው ነበር።

አንቺ ደብተር፣ ላንቺ ልንገርሽ። ብሩ አለኝ። ሙሉው ባይሆንም አብዛኛው አለ፤ በየዓመቱ ለግብር እያልኩ ለይቻለሁ። የማልከፍለው ሰይድን ፈርቼ ነው። ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ አለው። የአባባ ወራሾች እኔና እሱ ብቻ ነን። ሸሪዓ ፍ/ቤት ለእሱ ሁለት እጅ፣ ለእኔ አንድ ብሎ ወስኗል፤ ግን እስከ ዛሬ አልተካፈልንም። ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ ነገ ክርክር ቢነሣ ዳኛ የሚያየው የግብር ደረሰኝ ነው፣ ባለቤቱ የገበረው ነው እያሉ ሲያወሩ ሁለታችንም ተቀምጠን ሰማን። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። በዚያው ቀረ።

ብከፍል፣ እህቴ ቤቱን ልትነጥቀኝ ነው ይላል። ክፈል ብዬው ደግሞ የራሱን ስም አስገብቶ ቢወስደውስ? እናም ዝም። በዒድ እንገናኛለን፣ አብረን እንበላለን፣ ስለ ልጆች እናወራለን። ስለ ግብር አንድ ቃል የለም። ይሉኝታ ገደል ይግባ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ታሸገ።

ትናንት አልቀረብኩም። እስከ ጽ/ቤቱ በር ሄጄ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት መጡ። የሰው እህል እስኪወጣ ጠበቁ፤ እሱን አልክድም። የወ/ሮ አበቡ ገብስ ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ እንዳለ ነው። ከኩታበር ነው የመጡት፤ የባላቸው ሙት ዓመት ለእሁድ ደርሷል። ሊቆጡኝ ሲገባ አይዞሽ ልጄ ብለው ጆንያቸውን ለተሸካሚ ሰጡና ሰኞ ገበያ ወዳለው ወፍጮ ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እዚያ ከለመዱ ተመልሰው ወደ እኔ ይመጣሉ?

ሞተሩ ሲጠፋ ግቢው ያስፈራል። ከታሸገው በር ፊት ወዲያ ወዲህ እላለሁ። መጥረጊያ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ነገ ሰይድ ዘንድ ልሂድ? አይ፣ ጁምዓ ነው፤ ጋራዡን ይዘጋል። ቅዳሜ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። ከኮምቦልቻ መልስ

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ታች ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳሰናዳ ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። ሰይድ አይሱዙ ሥር ተኝቷል፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ለእግሩ ነገርኩት። ወፍጮ ቤቱ ታሸገ፣ ሐራጅ ሊወጣ ነው አልኩ። ፊቱን ባየው ኖሮ አልናገርም ነበር።

ወጣ። እጁን በጨርቅ ጣት በጣት ጠረገ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አንቺን ፈርቼ ነው እንጂ ወላሂ ብሩስ ነበረኝ። ሰይድ ቤቱን ሊጠቀልለው ገበረ እንዳትይኝ ብዬ ነው።»

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ሠራተኞቹ እያዩኝ። አብሽሪ፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን አለኝ። ምሳ አበላኝ። ዳገቱን ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። ደሴ ስገባ ግን እንደገና ከበደኝ፤ ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16። ከሰዓት

የሁለታችንን ብር ይዘን ገቢዎች ጽ/ቤት ቀረብን። ቅጣቱ ስለከበደ አልሞላም፤ ቀሪውን በየወሩ እንክፈል አልን። የምታስተናግደን ልጅ መዝገቡን እያየች፣ ማንም ይክፈል ማን ደረሰኙ የሚወጣው በመዝገቡ ስም ነው አለች። መዝገቡ ላይ ያለው አባባ ነው። ማናችንም ብንከፍል በአባባ ስም ነበር የሚወጣው። ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን መጥቶ የጠየቀ የለም። ሰይድ ራሱን አከከ።

ግን በየወሩ ለመክፈል ውል መፈረም አለበት፤ አባባ ሊፈርም አይችልም። ስም ማዞር ግድ ነው።

«በማን ስም ይዙር?» አለች ልጅቷ።

ሰይድ በእሷ አለ። እኔ በእሱ፣ ታላቄ ነው አልኩ። እሱ አይሆንም፣ የደከመችበት እሷ ናት አለ። እኔ ሁለቱ እጅ የእሱ ነው አልኩ። ልጅቷ በሁለታችሁም ስም ይሆናል ስትል ሁለታችንም ዝም አልን። ከኋላ የተሰለፉት አጉረመረሙ። ተስማምታችሁ ነገ ኑ ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ያው ሰኞ። ከመግሪብ በኋላ

በእሱ ስም ይሁን ያልኩት ከልቤ አልነበረም። እምቢ እንዲል እየለመንኩ ነው ያልኩት። ሰይድ ቤቱን ሊጠቀልል ነው እንዳልለው ሲፈራ ኖረ፤ መጠቅለል የምፈልገው ግን እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። ቤቱን እፈልገዋለሁ። የወፍጮውን ድንጋይ በእጄ የምወቅረው እኔ ነኝ። ማን ዱቄቱን አልሞ፣ ማን አሻክሮ እንደሚያስፈጭ የማውቀው እኔ ነኝ። በሁለታችን ስም ስትል ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው፤ በጋራ አልፈልገውም።

ነገ ልጅቷ ፊት ቀድሜ በእኔ ብል፣ ሰው እያየ እምቢ አይለኝም። ይኼን አስቤ ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ያስ ከመንጠቅ በምን ይለያል? ለብቻው ነው የምነግረው። ሁለት እጅ ድርሻህን ሽጥልኝ፣ ዋጋውን አንተ ቁረጥ፣ ከወፍጮው እየሠራሁ እከፍልሃለሁ። ከፈለገ ይቆጣ። እኔም እፈልገዋለሁ ካለም ይበለኝ፤ ልስማው።

ደወልኩ። ሳያነሣ ዘጋሁት። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግሜ ዘጋሁት። አሁን እሱ ራሱ እየደወለ ነው። ላነሣው ነው። አልዘጋውም።