በእናቷ ካርድ የተጻፈው የዓያንቱ ደም ግፊት

ለተከበሩ አቶ ደርበው፣
የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣
መቱ

ጌታዬ፣ እንደምን ከርመዋል? እርስዎ ከታመሙ እኛ የማንን ደጅ እንጠናለን ብዬ፣ ጤናዎን ከራሴ ጤና አስቀድሜ እመኛለሁ።

ሻሽቱ ጉርሙ እባላለሁ፤ የአሥራ አራት ዓመቷ የዓያንቱ እናት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቅናት ስላንገበገበኝ ነው። የምቀናውም በጎረቤቴ በባለሱቁ በጋሼ ሚፍታህ ልጅ፣ በሀምዱ ስብራት ነው። ልጁ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር፣ ጅማ የሚያስኬደውን የሪፈር ወረቀት በግማሽ ቀን ፈርመው ሰጡት። ተመስገን፣ ድኖ ኳስ ይጠልዛል። እኔ ግን በአጥር ቀዳዳ ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ያርራል፤ ምነው የኔዋም ክንዷ በተሰበረ እላለሁ። እናቱ በየማለዳው እየመጣች ዓያንቱ እንዴት አደረች ስትለኝ ደግነቷ ራሱ ያበሽቀኛል። እናት እንዲህ ትላለች? ትላለች፤ እርስዎ አስባሉኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ልጄን ራሷን እያመማት፣ አፍንጫዋ እየደማ ከሁለት ዓመት በፊት ባመጣት፣ ባለሙያዎ ግፊቷን ለክተው ከመቶ ሰባ በላይ ሲያገኙ፣ ግፊት የአዋቂ በሽታ ነው ብለው ቁጥሩን በእኔ ካርድ ላይ ስላሰፈሩልኝ አመሰግናለሁ። እኔም የተማረ ሰው አይሳሳትም ብዬ ጨው ትቼ ያዘዙልኝን የግፊት ኪኒን ስውጥ ከረምኩና፣ ገበያ መሀል ሁለት ጊዜ ተዝለፍልፌ ወደቅኩ። የዓያንቱን ራስ ምታት ግን የእኔ ኪኒን አላሻለውም።

፪ኛ. በግል ክሊኒክ በአልትራሳውንድ ስትታይ፣ የግራ ኩላሊቷ ገና ከማኅፀን ጀምሮ ግማሹ ሳያድግ የቀረ፣ የተጨማደደ ሆኖ ተገኘ። ከስንት ሺህ ሰው አንድ ላይ የሚታይ ነው፣ ግፊቱን የሚያስነሳውም እሱ ነው፣ ጅማ ሄዳ በቀዶ ጥገና ቢወጣላት ልትድን ትችላለች አሉን። ውጤቱን ይዤ እየሮጥኩ ስመጣ፣ እርስዎ መዝገቡን ገልጠው የግፊት በሽተኛዋ እናትየው ናት፣ ለጤነኛ ልጅ ሪፈር አይጻፍም ስላሉኝ፣ ለጥንቃቄዎ ምን ምስጋና ይበቃል!

፫ኛ. የቢሮዎ የሻይ ስኳር ከማን ሱቅ እንደሚመጣ አገር ስለሚያውቀው፣ ይህንን አልጽፈውም።

ባለፈው ሳምንት የልጄ ቀኝ ዓይን ደበዘዘ። የክሊኒኩ ሐኪም ቀን አትቁጠሪ፣ ቶሎ ጅማ አድርሻት ብሎኛል፤ እኔ ግን የእርስዎን ፊርማ ስጠብቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆጥሬያለሁ።

በመዝገብዎ በሽተኛ፣ በአካሏ ጤነኛ፣ በቅናት የከሳች፣
ደጅ ጠኝዎ ሻሽቱ ጉርሙ

ማሳሰቢያ፦ ዓያንቱ አንድ ነገር ብትሆን፣ በመዝገብዎ የምትሞተው እናቷ ናት። ያን ጊዜ፣ ጌታዬ፣ መዝገብዎ አልተሳሳተም።