ክዳኑ የኔ፣ ውስጡ የሰው

ለተከበሩ የኮምፒውተር ገበያችን ነጋዴዎች ሰብሳቢ፣ ለሐጅ ረፍዓት፤

ሐጅ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ዛሬስ ይመኑኝ! ጤናዎ እንዴት ነው፣ ስኳርዎስ፣ ልጆችስ? እኔ የሹብራዋ ራውያ ነኝ፣ አምና በኮምፒውተር ፍጥነት ውድድሩ ላይ ጭስ አይቼ "እሳት!" ብዬ ገበያተኛውን ያስወጣሁት። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ለማቀዝቀዝ የሚያፈሱት ናይትሮጅን እንደዚያ እንደሚጨስ ማን ነገረኝ? ዘንድሮ ግን አውቄ ነው የምጮኸው።

አንደኛ፣ እንደ አማችዎ እንደ ኢንጂነር ታሚም ያለ እጀ ፈጣን ስለሰጡን እናመሰግናለን። ፕሮሰሰሬ ክዳኑ ስር ያለው ቅባት ደርቆ እየጋለ አስቸገረኝና ቀይርልኝ ብዬ ሰጠሁት። ፕሮሰሰሬ ርካሽ ነው፣ ግን ያልተቆለፈ ነው፤ ፍጥነቱን ራሴ እየጨመርኩ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርግበታለሁ፣ ሌላው በውድ ዕቃ የሚሠራውን እኔ በሱ ነው የምሠራው፣ እናቴም የምትበላው ከሱ ነው። "ሻይ ጠጪ የኔ እህት፣ አሁን እመልስልሻለሁ" አለኝ። ጠጣሁ። ምነው አፌ በተቃጠለ!

ሁለተኛ፣ ቤት ወስጄ ስገጥመው ክዳኑ ላይ የተጻፈው የኔው ፕሮሰሰር ስም ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ስም ይጠራል፣ ፍጥነት ልጨምር ብል ንቅንቅ የለም፣ የተቆለፈ ነው። ክዳኔን አውልቆ ሌላ ፕሮሰሰር ላይ ደፍቶታል! ሮጬ ተመለስኩ። "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ ዘንድሮም እሳት አደጋ ልትጠሪ ነው?" አለኝ፣ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ሌላው ደግሞ፣ ለዛሬ ማታ ውድድር ብሎ ክዳኑን ያወለቀው ፕሮሰሰር ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ጎኑ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ብርቱካናማ የሚያብለጨልጭ የጥፍር ቀለም ተቀብተዋል። ኤሌክትሪክ እንዳይነካካ ሁሉም ይቀባል፣ አውቃለሁ፣ ግን ሰው የሚቀባው ቀለም የሌለውን ነው። ያ ቀደም ብዬ ራሴ ከፍቼ የቀባሁት፣ ከእህቴ የሂና ማታ የተረፈኝ ቀለም ነው። ታሚም ጥፍሩን ይቀባል እንዴ? ያንኑ ቀለም የተቀቡ ጥፍሮቼን አየና ሳቁ ጠፋ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ "ቤትሽን አውቀዋለሁ" አለኝ። ሐጅ፣ ፈርቻለሁ። ማታ ያንን ቀዝቃዛ ናይትሮጅን ሲያፈሱበት ፕሮሰሰሬ ይሞታል፣ ቀለሙም ይረግፋል፣ ከዚያ ማን ያምነኛል?

ዳኛው እርስዎ፣ ተወዳዳሪው አማችዎ፣ ፕሮሰሰሩ የኔ፤ እንዲህ ያለ ፍትሕ ስላቆዩልን ዕድሜ ይስጥዎ።

እጅ ነስቼ፣
ራውያ

ሳልረሳው፦ ይህንኑ ደብዳቤ ገበያው ደረጃ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው እንዳይሉ ብዬ በትልቁ ነው የጻፍኩት። ሳይመሽ ይደውሉልኝ። የጥፍሬን ቀለም አላስለቀቅኩም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር እስኪያስተያዩት እጠብቃለሁ።