የእማዬ ድምፅ ያለበት ጨዋታ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ዳገት ስታዪ ታኮርፊያለሽ? ዓይንሽስ? የምታነብልሽ አክስቴ ከሆነች እየዘለለች እንዳታነብ ንገሪልኝ። ክፉ ክፉውን እያስቀረች በጎ በጎውን ብቻ እንደምታሰማሽ አውቃለሁ። ዛሬ እንደዚያ ካደረገች የሚተርፋት ሰላምታው ብቻ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ፤ ጓዝሽን ፍቺው። እዚህ መጥተሽ ከእኔ ጋር የመኖርሽ ነገር አልሆነም። የስልክ ጨዋታ የምንሠራበት መሥሪያ ቤታችን ተዘጋ።

«ጨዋታችንን ያገሩ ሰው ሁሉ ይጫወተዋል አላልሽኝም ወይ?» እንደምትይ አውቃለሁ። እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። «ቤት ለቃቂው» ያልነው ጨዋታ ትዝ ይልሻል፤ ሰውዬው አልጋውን፣ ድስቱን፣ ቁም ሳጥኑን ጋሪ ላይ ይደራርባል፣ ክምሩ ሲናድ ያንቺ ድምፅ «እኔን!» ይላል። በስልክ ደጋግሜ አስብዬሽ፣ «ሳትወድቂ እንዴት እኔን ልበል፣ አንቺ ልጅ?» ብለሽ ያሳቅሽኝ ጊዜ የቀዳሁት ነው። ሰዉ አበደልሽ። ታክሲ ውስጥ እኔን! ባንክ ሰልፍ ላይ እኔን! ከምኖርበት ቤት በታች ያለው ፀጉር አስተካካይማ «ድምጿን ለመስማት ስል አውቄ ነው የምንደው፤ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አዝናልኝ አታውቅም» ይላል፣ ሚስቱ እየሰማች።

ታዲያ እኛ ገንዘብ የምናገኘው በመሀል ብቅ ከሚለው ማስታወቂያ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይመጣም። የእኛ ሰው ብልጥ ነው፣ ጨዋታውን ከመክፈቱ በፊት ዳታውን ያጠፋል። ከኢንተርኔትም አያወርደውም፤ ጥግ ላይ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ስክሪን ለቀየረለት ሁሉ ምርቃት አድርጎ ይጭንለታል። ብቆጣው «እህቴ፣ ስምሽን እኮ እያስጠራሁልሽ ነው» አለኝ፤ ደግሞ ከልቡ ነው። መንገዱ ሁሉ ባንቺ ድምፅ ይጮኻል፣ ሪፖርታችን ላይ ግን የሚጫወት ሰው የለም።

አለቃችን መብራት እያጠፋ ስለሚዞር ጨለማው እንለዋለን። ባሕር ማዶ ያሉትን ባለገንዘቦች በቪዲዮ ሲለምን ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ መስኮቱን ከፈተና ኮምፒውተሩን ወደ መንገዱ አዞረላቸው። «ስሙ እንጂ!» አላቸው። በትሕትና ሰሙ። ከዚያ አገራችሁ ትንሽ ናት፣ ሁሉም ቢከፍል እንኳ የእኛን አንድ ሰፈር አያህልም አሉ። ሁሉም ቢከፍል! ለውጭ ሰው እንዳንሸጠው ያንቺን ቃል ማን ይተርጉምልን? ሞክረን በእነሱ ቋንቋ «ይቅርታ» ተብሎ ወጣ፤ ዞር ብሎ ያየውም የለም።

ላንቺ የተከራየሁትን፣ ከክፍሌ ጎን ያለውን ክፍል ትናንት መለስኩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባበት ነበር። ፍራሽሽን ብቻዬን ሳወርድ ደረጃው አዳለጠኝና ተያይዘን ወረድን። ፀጉር አስተካካዩ፣ ግማሽ ራሱ የተቆረጠው ደንበኛው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ባንድ አፍ «እኔን!» አሉ፤ ልክ ባንቺ ዜማ፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርገው። ሞኝ አትበዪኝና፣ ዞር ብዬ ፈለግሁሽ።

አልተጎዳሁም። ሥራ እየጠየቅሁ ነው፣ ግን እንደኛ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ከኛ በፊት ዘግተዋል። ተስፋ አልሰጥሽም፤ እስከ ዛሬ የሰጠሁሽ ይበቃል። ጨዋታውን ከእንግዲህ የሚያድሰው ስለሌለ አዲስ በሚመጡት ስልኮች ላይ አይከፈትም። አሮጌዎቹ ስልኮች እስኪሞቱ ድረስ ድምፅሽ እዚህ ይሰነብታል። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ አታጪውም። ያቺን ቃል ከራስሽ አፍ ብሰማት አልችላትም።

ሳትዘል ላነበበችው አክስቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ካንቺ ልትረከባት የነበረችው ላም ካለችበት አትነቃነቅ። ወንድሜንና ሚስቱን፣ ጉንጮ ልጃቸውንም ሳሚልኝ። የጉዞ ሳጥን የሠራልሽን አናጢ ጎረቤታችንን እጅህ ይባረክ በይልኝ፤ እህል አስቀምጪበት።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ

ከፀጉር ቤቱ በላይ፣ ከቀረችኝ አንዷ ክፍል
የካቲት 9 ቀን