ፊደል ያስያዙ እጆች፦ የእመቤት ቢንዱባሺኒ ሮይቾውድሪ የሕይወት ታሪክ

እመቤት ቢንዱባሺኒ ሮይቾውድሪ ከአባታቸው ከባላባቱ ዱርጋሞሃን ላሂሪና ከእናታቸው ከኩሙዲኒ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በቤንጋል፣ በናራንፑር ከተማ ተወለዱ። የባላባት ልጅ መንገድ ላይ አትታይም ስለሚባል ትምህርት ቤት አልገቡም። አስተማሪ ወንድማቸውን ሲያስነብብ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ተማሩ፤ ወንድምየው ሲሳሳት ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ይሰማ ነበር ይባላል።

በ1944 ዓ.ም. ከአቶ ጆቲንድራ ሮይቾውድሪ ጋር ጋብቻ መሥርተው ወደዚህ ቤት መጡ፤ አንድ ልጃቸውን፣ ባለቤቴን ሹቢማልን፣ ወለዱ። በ1957 ዓ.ም. ባላቸው ሲያርፉ ገና የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበሩ። እንደ አገሩ የመበለት ወግ ነጭ ሳሪ ለበሱ፤ ዓሣ መብላት ተዉ። ባል የሞተባት ሴት ጥላ ለልጅ አይበጅም ስለሚባል፣ ከደስታ ቀን ሁሉ ራቁ። ግጥም መጻፍ የጀመሩት ያኔ ነው። “ጫማ እምቢ ያለችው እንቁራሪት” የተባለው የልጆች መጽሐፋቸው በ1963 ዓ.ም. ታተመ። የከተማችን ልጅ ሁሉ ማንበብ የለመደው በእሱ ነው፤ እሳቸው ግን የአንድም ልጅ እጅ ይዘው ፊደል እንዲያስጀምሩ አልተፈቀደላቸውም።

እኔ ምራታቸው የሆንኩት በ1968 ዓ.ም. ነው። ሁለት ጽንስ ጨንግፎብኝ ልጄ ቱኒ ስትወለድ፣ ንፋሱም ውሃውም ድመቱም የሚወስዳት ይመስለኝ ነበር። በ1975 ዓ.ም. በትምህርት አምላካችን በሳራስዋቲ በዓል ፊደል የምትጀምርበት ቀን ደረሰ። የባለቤቴ አክስት ካዳምቢኒ፣ ባለትዳር ስለነበሩ፣ እጇን ይዘው ሊያስጽፏት ጠመኔ አነሡ። ቱኒ እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ “አያቴ ታስይዘኝ! እንቁራሪቷን የጻፈችው!” ብላ አለቀሰች።

“ነጭ የለበሰች ሴት? ልጅሽን መቅበር አማረሽ?” አሉኝ አክስታችን።

ንግግራቸው አስፈራኝ። ነገር ግን እያለቀሰ ፊደል የጀመረ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ያለቅሳል ይባላል፤ እሱን ደግሞ የበለጠ ፈራሁ። ፎቅ ወጥቼ አማቴን ጠራኋቸው።

“ቦውማ፣ ምራቴ፣ ነገ ልጅቷ ብታስነጥስ የእኔ እጅ ነው ይባላል። አንቺም እንቅልፍ አይወስድሽም” አሉ።

“እኔ መች ተኝቼ አውቃለሁ፣ እማዬ?”

ሳቁ። ወርደው የቱኒን እጅ ያዙና የመጀመሪያዋን ፊደል አብረው ጻፉ።

በማግስቱ ቱኒን አተኮሳት። አክስታችን “አላልኩም?” እያሉ በበሩ ተመላለሱ። እኔ የቀብሯን ልብስ ሳይቀር አስቤ ነበር። እማዬ ግን ከአልጋዋ ሳይለዩ፣ በትኩሳቱ ላይ የሚያሾፍ ግጥም እየፈጠሩ አሳቋት። ከጥቂት ቀን በኋላ ድና ሩዝ በምስር ጠየቀች። በዓመቱ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው ደጃችን ቆሙ። ካዳምቢኒም የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ መጡ፤ እማዬን “ዝም ብለሽ አስጽፊው” አሏቸው። እማዬም ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ የከተማውን ልጆች ፊደል አስያዙ።

ልጃቸው ሹቢማል በ1998 ዓ.ም. ቀደማቸው፤ እኔም ነጭ ለበስኩ። እሳቸው በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው በኖቬምበር 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ምራታቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ቱኒንና የቱኒን ልጅ ሚሙን ትተው ሄደዋል።

በዘንድሮው በዓል ሚሙ ፊደል ስትጀምር ከአልጋቸው ሆነው፣ “አንቺ አስይዣት” አሉኝ። እጇን ይዤ የመጀመሪያዋን ፊደል አጻፍኳት። ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር፤ “ነጭ ለብሰሻልና ጓዳ ግቢ” ያለኝ ግን የለም።

እማዬ፣ እናመሰግንዎታለን። ሳራስዋቲ ከእግሯ ሥር ሳይሆን ከጎኗ ታስቀምጥዎት።