ድምፄን ያዋስኩሽ ሰሞን

ውድ እህቴ፣

ስልክሽን ያላነሳሁት ጨክኜ አይደለም። አንድ ቃል ከተናገርኩ እንደማለቅስ አውቃለሁ፤ በጽሑፍ ይሻለኛል።

የዚያን ጊዜ ኑሮዬን ታውቂዋለሽ። ጠዋት በሬዲዮ ዜና አነባለሁ፤ ከዚያ ሮጬ የሳሙና ማስታወቂያ፤ ከሰዓት በውጭ ድራማ ትርጉም ላይ የክፉ አማት ድምፅ ሆኜ ስራገም እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ መጽሐፍ እተርካለሁ። «አንድ ጉሮሮ ለአራት ጌታ!» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ጉሮሮዬ ቆስሎ ሐኪሙ «ሦስት ወር ሹክሹክታም ክልክል ነው» ሲለኝ ግን ከእኔ ቀድመሽ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ።

ድምፃችን ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ነው። «እስክትድኚ ልተካሽ» ስትይኝ እፎይ አልኩ። የት ላይ እንደሚተነፈስ፣ ከማይኩ ስንት ስንዝር እንደሚራቅ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ እየጻፍኩ አስተማርኩሽ።

ሦስት ወሩ ያለቀ ዕለት ሳልነግርሽ ስቱዲዮ መጣሁ። ድምፅ ቀጂው አቅፎኝ፣ «አይዞሽ፣ ድምፅሽ እንደማይመለስ ስንሰማ ሁላችንም አዝነናል» አለኝ።

«ማን አለ?» አልኩት።

ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ሰውዬው ክው አለ። «እህትሽ ናታ! የትረካውን ውልም እኮ በስሟ ከፈረመች ወር አለፋት።»

ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ያቆምኩትን ልብወለድ ታነቢያለሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ገጹን ገልጠሽ ቀጠልሽ።

ቤት ስንገናኝ፣ «አንቺ አራት ይዘሽ፣ እኔ አንድ ቢኖረኝ ምን አለበት?» አልሽኝ። ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ውሸት ነው፤ እምቢ እልሽ ነበር። ተጣልተን፣ ተኳርፈን፣ እንታረቅ ነበር። አንቺ ግን በየቀኑ ማር በሞቀ ውሃ እየበጠበጥሽ እያጠጣሽኝ፣ ውጭ ወጥተሽ ጉሮሮዬን ቀበርሽው። አንጀቴን የቆረጠው ሥራው አይደለም፣ ማሩ ነው።

ዜናውን መልሰውልኛል። ትረካው አንቺው ጋ ቀርቷል። ትናንት እማዬ ደውላ፣ «ልጄ፣ ትረካሽ እንዴት አንጀት ይበላል!» አለችኝ።

«እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኳት።

 «ታዲያ ምነው ደበቀችኝ?» አለች።

«ራሷን ጠይቂያት» አልኳት። ያደረግሽውን አንቺው፣ በገዛ አፍሽ ንገሪያት። እስክትነግሪያት ድረስ ከእኔ የምትሰሚው የጠዋቱን ዜና ብቻ ነው።

ታላቅሽ