በቀዝቃዛ ውኃ የለቀቀው ቀይ

ጋሽ አይለቅም ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው አራተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ተቀጠሩ፤ ከቀለም ገንዳው አጠገብ አርባ ሁለት ዓመት ቆሙ። እሳቸው ያቀለሙት ጨርቅ ቢታጠብ፣ ቢቀቀል ቀለሙ አይለቅም ነበርና ቅጽል ስማቸው ከዚያ መጣ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የፋብሪካውን ክር ፈታይ አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ቀይ በሚቀለምበት ሳምንት ሽንታችንም ይቀላል እያሉ ጓደኞቻቸውን ያስቁ ነበር። በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ሽንታቸው በእርግጥ ቀላ። «ገንዳው ነው እንጂ እኔ ምን ሆንኩ!» ብለው አለፉት።

ፈታይዋ ባለቤታቸው ግን አላመኑም። ይህ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንዲነበብ የፈለጉትም ባለቤታቸው ራሳቸው ናቸው። ባላቸው ያቀለሙት ቀይ በፈላ ውኃ እንኳ ንቅንቅ አይልም፤ በባላቸው የውስጥ ልብስ ላይ ያገኙት ቀይ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ለቀቀ። ሊናገሩ ሲሉ ባላቸው ሳቁባቸው። ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ካንሰሩ ከኩላሊት የሚወርደውን የሽንት ቧንቧ ዘግቶት ነበር። ሽንቱ እንዲወርድ በጀርባቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ገባላቸው። ከአምስት ወር በኋላ ባለቤታቸው ፋሻውን ሲቀይሩ በቱቦው አፍ ላይ ምስር የምታክል እብጠት አዩ። በዚያው ጠዋት ባላቸውን ይዘው ሄዱ። ካንሰሩ የቱቦውን መንገድ ተከትሎ ወደ ቆዳ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ያለውን በሃያ ዓመት ሥራቸው ሰምተው እንጂ አይተው አያውቁም። «ቶሎ አምጥተዋቸዋል፤ እንደ እርስዎ ያለ አስታማሚ የለም» አሏቸው። ምስጋናው ከወቀሳ የበለጠ አቆሰላቸው።

ጋሽ አይለቅም ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ባለቤታቸው ስለዚያ ልብስ እያለቀሱ ነገሯቸው።

«እኔስ የራሴ ቀለም ይጠፋኛል እንዴ? ፈርቼ ነው እኮ» አሉ ጋሽ አይለቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተው አረፉ። ያ ልብስ ንጹሕ ነው። ባለቤታቸው ግን ዛሬ ጠዋትም ሲያጥቡት ነበር።

ፈጣሪ የጋሽ አይለቅምን ነፍስ ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም እጃቸውን ከሳፋው የሚያወጡበትን ቀን ይስጥልን።