የይለፍ ቃሌን ላስቀየሩኝ ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የቤት ኢንተርኔት ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ዋና ኃላፊ፤
ሱቫ።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና ያለ ማቋረጥ ይሠራል ብዬ የምገምተውን የቢሮዎን ኢንተርኔት ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በላምባሳ ከተማ ከስኳር ፋብሪካው ማዶ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ኩሱም ናራያን፣ በጤና በኩል ደህና ነኝ። በሌላው በኩል ግን ደህና አይደለሁም፤ ይህንንም በአደባባይ የምጽፍልዎ ካጠፋሁት ጥፋት ድርሻችሁን እንድትወስዱልኝ ለመለመን ነው።

አንደኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ታቬዩኒ ደሴት ላሉ ልጆች በኢንተርኔት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ክፍልፋይ ማስረዳት በጀመርሁ ቁጥር ምስሌ ባለበት ይደርቅና ልጆቹ አፏን የከፈተች አሮጊት ሲያዩ ይቆያሉ። አንዷ ተማሪዬ እንዲያውም "ቲቸር፣ እያዛጉ ነው ወይስ ተቋርጦ ነው?" ብላኛለች። ወደ ጥሪ ማዕከላችሁ ስደውል ያሰማችሁኝ ሙዚቃ ደግሞ እጅግ ታማኝ ነበር፤ ሩዝ ጥጄ፣ ልብስ አስጥቼ፣ ግቢ ጠርጌ ስመለስ እዚያው ሆኖ ጠበቀኝ።

ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ስልኩን ያነሳልኝን ወጣት አመስግኑልኝ። ራውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው አዘዘኝ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ወደ መስኮቱ ያስጠጉት አለኝ፤ አስጠጋሁ። ከመስኮቱ ያርቁት አለኝ፤ አራቅሁ። የመጨረሻው መብራት ቀይ መሆኑን ስነግረው "አረንጓዴ መሆን ነበረበት" ብሎ ስለ ገሠጸኝ፣ እኔ ቀለም የቀባሁት ይመስል ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሦስተኛውን እንዲህ በቀላሉ ልጽፈው አልችልም። ወጣቱ መላው ሁሉ ሲያልቅበት፦

"እማማ፣ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል እንዴ?" አለኝ።

"ጎረቤቴ አሉ፤ ጋሽ ሴሬማያ።"

"በቃ እሳቸው ናቸው የሚጨርሱብዎት። የይለፍ ቃሉን ይቀይሩት።"

"ሽማግሌ ናቸው እኮ። ስልካቸውን የሚከፍቱት ኦክላንድ ያለች እህታቸውን ለማየት ነው።"

"እርስዎ እንደዚያ ይመስልዎታል። ሰው ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያይ በምን ያውቃሉ?"

ክቡር ሆይ፣ ያ ልጅ አላስገደደኝም። ጋሽ ሴሬማያ ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ ናቸው። አውሎ ነፋሱ ጣሪያዬን የወሰደው ጊዜ ቆርቆሮውን ከአገዳው ማሳ ለቅመው መልሰው የመቱልኝ እሳቸው ናቸው፤ ክፍያ አልቀበልም ስላሉኝ ነው የይለፍ ቃሉን በገዛ እጄ ስልካቸው ላይ የጻፍሁላቸው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ልጁን አመንሁት። የምቆጣው ሰው ፈልጌ ነበር፤ ከሱቫ ይልቅ ደግሞ አጥሩ ይቀርበኝ ነበር። ቃሉን ቀየርሁ። ለእሳቸውም አልነገርሁም።

አራተኛ፣ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም ምስሌ እንደ ቀድሞው መድረቁን በማክበር አስታውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሴሬማያን በመስኮት አየኋቸው። ሱሉ የሚባለውን ጥቁር የክብር ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራባት አስረው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ አስደግፈውታል። ሠርግ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ቆይተው ተነሡና ስልኩን ይዘው ወደ አጥሩ መጡ፤ ወደ ቤቴ አቅጣጫ ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት፣ ተመለሱ። ደግመው መጡ። ምን እንደሚፈልጉ ገብቶኛል። መጋረጃውን ለቅቄ ወደ ኋላ ተመለስሁ። አልጠሩኝም።

አምስተኛ፣ ሰኞ ዕለት የላካችሁት ኢሊያሳ የሚባለው ቴክኒሺያን ጨዋ ሰው ነው። ቤቴ ሳይገባ መንገድ ዳር ያለውን የእናንተን ሳጥን ከፈተና ጠራኝ።

"እትዬ፣ ይኸው። ክዳኑ ተሰብሮ ዝናብ ሞልቶታል፤ ጉንዳንም ገብቶበታል። ከእርስዎ ራውተር ጋር ምንም አያገናኘውም።"

"ጎረቤቴ የሚጠቀሙበትስ?"

"የአንድ ሽማግሌ ስልክ? እሱ ምን ሊወስድ?"

የጋሽ ሴሬማያ ምራት ሊቲያ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ስታሰጣ ሰማችን። እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ቀረበች።

"እትዬ ኩሱም፣ የአባባ እህት አርፈው ነበር፤ አልሰሙም?" አለችኝ። "ቀብሩ ቅዳሜ ኦክላንድ ነበር። በኢንተርኔት እያዩ ጸሎቱን አባባ ይምሩ ተብሎ ነበር። እኔ ፋብሪካ ተረኛ ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ካርድ መሙላት አይችሉም።"

ኢሊያሳ መሣሪያውን አነሣና ወደ ሳጥኑ ዞሮ መሥራት ጀመረ።

ቃሉን ባልቀይረውም ኖሮ በእናንተ ሳጥን የተነሳ ቀብሩ ሊያመልጣቸው ይችል ነበር። በዚህ ልጽናና ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። በሳጥኑ ምክንያት ቢያመልጣቸው የሚያዝኑት በእናንተ ነበር። እሳቸው ግን ሐዘናቸው ላይ ሌላ ጨምረው "ጎረቤቴ ዘጋችብኝ" ብለው ተቀምጠው ነበር።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሄድሁ። በረንዳው ላይ ነበሩ።

"ጋሽ ሴሬማያ፣ ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ቤቱ ያንቺ ነው። የዘጋሽበት ምክንያት ይኖርሻል ብዬ ነዋ። ምን አስቀይሜያት ይሆን እያልኩ ስፈልግ ሰነበትኩ። ዶሮዎቼ አትክልትሽን ጭረውብሽ ይሆን ብዬ አጥሩን ሁሉ ዞሬ አየሁት።"

"ምንም አላጠፉም።"

ከዚያ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ "ቅዳሜ መስኮቱ ላይ አይቼሽ ነበር" አሉኝ።

ስልካቸውን እንዲሰጡኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ትንሽ አመነቱና ሰጡኝ። አዲሱን ቃል ጻፍሁላቸው። ሊቲያ የቀብሩን ቅጂ ፈልጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ከፈተችልን። ቄሱ በሬሳ ሣጥኑ ፊት ቆመው ወደ ካሜራው ጎንበስ ብለው፣ "ሴሬማያ፣ ትሰማናለህ?" ይላሉ። ይጠብቃሉ። ደግመው ይጠራሉ። ሕዝቡም ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ጎረምሳ የእህታቸው ልጅ ተነሥቶ በእሳቸው ፈንታ ይጸልያል።

ጋሽ ሴሬማያ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አልነኩትም። ልጁ ጨርሶ እስኪቀመጥ ጠበቁና ተነሡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ለእህታቸው ያዘጋጁትን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አደረሱ። በቋንቋቸው ስለ ነበር ግማሹ አልገባኝም። ሃይማኖታችንም ለየቅል ነው። አንገቴን ደፍቼ አብሬያቸው ቆምሁ። ስሄድ ደህና ዋይ አሉኝ፤ እንደ ወትሮው ግን እስከ በሩ አልሸኙኝም።

እነሆ፣ የአገልግሎታችሁ ጥራት በአንድ የስልክ ጥሪ ይህን ሁሉ ማድረግ ከቻለ፣ ለሳጥኑ ክዳን መግጠም እንደማያቅታችሁ ሙሉ እምነት አለኝ። የሰውን ጎረቤት ያለ ምርመራ ጥፋተኛ የማድረጉን ሥራ ግን ለእኔ ተዉልኝ፤ ያለ እናንተ እርዳታም እንደምችለው ተረድቻለሁ።

በከፍተኛ አክብሮት፣ በማያቋርጥ ታማኝነትና አልፎ አልፎ በሚቋረጥ መስመር፣
የዘወትር ደንበኛችሁ
ኩሱም ናራያን
ላምባሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከድርጅታችሁ መልእክት ደረሰኝ። "ችግርዎ ተፈቷል። የችግሩ ምክንያት፦ ያልተፈቀደለት ተጠቃሚ" ይላል። እባክዎ መዝገባችሁን ያርሙልኝ። ሰውዬው ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ስማቸውም ሴሬማያ ይባላል። በምክንያቱ ቦታ "ክዳን የሌለው ሳጥን" ብላችሁ ጻፉ፤ ቦታ ከተረፈም የእኔን ስም ጨምሩበት።